በቄሱ መንገድ የተወጠረ ሽቦ

አንድ ብስክሌተኛ ከቄሱ መንገድ ተወርውሮ ገደል ገብቶ መሞቱን በስልክ ሲነግሯት፣ በኢንስፔክተር ቡርጊ ፕላትነር ልብ ቀድማ ብልጭ ያለችው ቃል «ይበለው» የምትል ነበረች። ከአፏ አልወጣችም። ግን በውስጧ ማለፏን አውቃለች።

የቄሱ መንገድ ከኢንስብሩክ ከተማ በላይ፣ በተራራው ወገብ ላይ በጥዶች መሃል ተጋድሞ የሚሄድ የእግረኛ መንገድ ነው። ዳገት ስለሌለው ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌም፣ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናትም ይወጡበታል። ሰው አግዳሚው ላይ አረፍ ብሎ ኢን ወንዝንና የከተማውን ጣሪያ ቁልቁል እያየ ዳቦውን በአይብ ይበላል። ለብስክሌት ክልክል ነው። ክልክል ቢሆንም ከላይኛው የኬብል መኪና ጣቢያ ቁልቁል የሚለቁት ወጣቶች አመሻሽ ላይ በአቋራጭ ይገቡበታል። ቡርጊ ራሷ እሁድ እሁድ ስትንሸራሸር ደጋግማ ዘላ ጥጓን ይዛለች፤ ከኋላቸውም ለፖሊስ አፍ የማይመጥን ስድብ ልካባቸዋለች።

ያን ቀን ሞቃቱ የደቡብ ነፋስ ነበር የሚነፍሰው። እሱ ሲነፍስ ከከተማው ሰው ግማሹን ራሱን ያመዋል፣ የቀረው ይነጫነጫል። ሳጅን ሉዊስ ሞዘር ራሱንም ያመው ነበር፣ ይነጫነጭም ነበር። ጡረታ ሊወጣ የደረሰ፣ ሆዱ ቀበቶውን ያሸነፈ ሰው ነው። ከመኪናው ወርደው እስኪደርሱ ድረስ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ ሰው ለምን ሜዳ ላይ እንደማይሞት ሲጠይቅ ነበር።

ሟቹን ያገኘችው ውሻዋን ይዛ በጠዋት የወጣች ሴት ናት። ውሻው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ብሏት ጎንበስ ብላ ብታይ ልጁን አየችው። ቡርጊ በገመድ ታስራ ወረደች። በጀርባው ተንጋሏል። የራስ ቁሩ ተሰንጥቋል፤ ፊቱ ግን ጭረት እንኳ የለበትም። ሃያዎቹን ገና የጀመረ፣ ጢሙ በደንብ ያልሞላ ልጅ ነው። ሐኪሙ አንገቱ ተሰብሮ ወዲያው እንደሞተ፣ የሞተውም ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ ግድም እንደሆነ ነገራት። ቡርጊ ፊቱን እያየች ጠዋት በልቧ ያለፈችውን ቃል አስታወሰችና አፈረች። ማንም ባልሰማው ነገር ሰው እንዲህ እንደሚያፍር አታውቅም ነበር።

«ቡርጊ፣ ውጪና ይሄን እዪ» አለ ሉዊስ ከላይ።

መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከግራና ከቀኝ ባሉ ሁለት ጥዶች መካከል ቀጭን የብረት ሽቦ ተወጥሯል። አንዱ ጫፉ ላልቷል። ከፍታው ከሰው ቅልጥም አያልፍም።

«ሽቦ የሚወጥሩ እንዳሉ ስሰማ ኖሬያለሁ» አለ ሉዊስ። «ሰው ሲሞትበት ግን የመጀመሪያው ነው።»

ቡርጊ ተንበረከከች። ሽቦው ግንዱን በዞረበት ሁሉ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ የተዳመጠ ሱፍ ገብቷል። ባርኔጣ የሚሠራበት ዓይነት ነው። በመቀስ በጥንቃቄ ተቆርጧል።

«ባርኔጣ የቀደደ ሰው» አለ ሉዊስ። «እዚህ አረንጓዴ ባርኔጣ የሚያደርገው አዳኝ ነው። በቃ፣ እንውረድ።»

«ሱፉን ለምን አደረገ?»

«ሽቦው እንዳይንሸራተት ነዋ።»

«እንዳይንሸራተት ቢሆን ሚስማር ይመታ ነበር። ይሄ ልጡ እንዳይቆረጥ ነው።» ቡርጊ ግንዱን በመዳፏ ነካች። «ለዛፉ አዝኗል፣ ሉዊስ።»

ሉዊስ ወደ ገደሉ አየ።

ለቡርጊ ሌላም ነገር አልዋጥላት አለ። ሽቦው በቅልጥም ከፍታ መወጠሩ ሰውየው ሊጥል እንጂ ሊገድል እንዳልፈለገ ያሳያል። ታዲያ ከታች ባዶ ገደል ያለበትን፣ የመንገዱን ክፉ ቦታ ለምን መረጠ? ትንሽ ወዲህ ግራና ቀኙ ለስላሳ ሣር የሆነ ቦታ ሞልቷል።

ልጁ ካሲያን ሌክነር ይባላል። በአንድ የብስክሌት መጠገኛ ይሠራል፤ ትርፍ ጊዜውን ከተራራ ነፍስ አድን ቡድን ጋር ሲለማመድ ያሳልፋል። እናቱ ሬሳውን ለማየት ስትመጣ አላለቀሰችም። እጇን በልጇ ደረት ላይ አድርጋ ቆየችና ወደ ቡርጊ ዞራ፣ እዚያ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል መሆኑን እንደምታውቅ፣ እሱንም ስትቆጣው እንደነበረ ተናገረች። ይቅርታ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። ቡርጊ አንገቷን ደፋች።

ሉዊስ የጠረጠረው አዳኝ ቪጊል ሽትሮብል ነበር። የዚያን ጫካ የአደን መብት የተከራየ፣ ድምፁ ከሸለቆ ሸለቆ የሚሰማ ሰው ነው። በጸደዩ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ አጋዘኖቹን የሚያስበረግጉትን ብስክሌተኞች አንድ ቀን በገመድ ጠልፎ እንደሚጥላቸው በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ፎክሯል። ጎጆው ድረስ ወጥተው ሲያገኙት ድንች እየላጠ ነበር። ከበሩ ጀርባ የሽቦ ጥቅል ተሰቅሏል።

«ሽቦ የሌለው ጎጆ እዚህ ተራራ ላይ ካገኛችሁ እኔ ራሴን አስራለሁ» አለ።

ሉዊስ ስለ ባርኔጣ ጠየቀው። አዲሱ ራሱ ላይ ነበር። አሮጌውን ባለፈው ክረምት ምድጃ ውስጥ እንደጨመረው ተናገረ። ልጁ በሞተበት ምሽት የት እንደነበረ ሲጠየቅ ግን ያ የሚያስተጋባ ድምፅ ጠፋ።

«የትም።»

«የትም የሚባል ቦታ ካርታ ላይ የለም» አለ ሉዊስ።

«እንግዲያው እዚያ ነበርኩ ብለህ ጻፍ።»

ይዘውት ወረዱ። ቪጊል ጣቢያ ገብቶም አልናገር አለ። አንገቱ እስኪቀላ ድረስ ተቆጥቶ፣ ያ መንገድ የእግረኛ መሆኑን፣ ፖሊስ ሥራውን ቢሠራ ኖሮ ማንም እንደማይሞት ብቻ እየደጋገመ ይጮኻል። ሉዊስ ነገሩ አለቀ ብሎ እጁን ሲያሻሽ፣ በማግስቱ አንዲት ቀጭን ሴትዮ ጣቢያ መጥታ ተማሪዬን መልሱልኝ አለች። የዳንስ አስተማሪ ናት። ቪጊል ልጁን ስለሚድር፣ በሠርጉ ላይ ከሙሽራዋ ጋር የሚደንሰውን ቫልስ ከእሷ ዘንድ በድብቅ ይማራል። በዚያ ምሽትም ከጀማሪዎቹ ጋር እግሯን ሲረግጣት ነው ያመሸው።

«ምነው አትናገርም ነበር?» አለችው ቡርጊ ስትለቀው።

«አዳኞቹ ቢሰሙ መቀለጃ ነው የሚያደርጉኝ» አለ። ደጁ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ተመለሰ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ያን በስብሰባው ላይ የተናገርኩትን... የሰማኝ ሰው ሄዶ አድርጎት ይሆን? ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።»

ቡርጊ የመንገዱን ልማድ የሚያውቅ ሰው ፈለገች። የእግር ተጓዦች ማኅበር አቶ ሮሜድ ናጊለርን ላከላት። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የመንገድ ምልክቶቹን ቀለም የሚቀቡት፣ አግዳሚዎቹን የሚጠግኑት፣ የሆቴል እንግዶችንም በጠዋት ይዘው የሚንሸራሸሩት እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ የሸሚዛቸው አንገት ዘወትር የተተኮሰ ሰው። ገና ጫካው ውስጥ ሲገቡ፣ እዚህ ተራራ ላይ አንቱታ እንደማያስፈልግ፣ ሮሜድ እንድትላቸው ነገሯት። በከተማ ሚኒስትር የሆነው ሰው እንኳ ተራራ ላይ «አንተ» መባሉን ሁሉም ያውቃል።

እየሄዱ ብዙ አስረዷት። ብስክሌቶቹ የሚመጡት አመሻሽ ላይ፣ እግረኛው ከወረደ በኋላ መሆኑን፣ ወዴት እንደሚገቡ፣ የት እንደሚፈጥኑ። በመንገዱ ላይ የማያውቁት ድንጋይ የለም፤ ይሄኛው በየትኛው ዝናብ እንደወረደ፣ ያኛው አግዳሚ በማን መታሰቢያ እንደቆመ ይነግሯታል። አንድ ጥድ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ቢላዋቸውን አወጡና ሰው ማስታወቂያ ለጥፎ የተወውን ሚስማር ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት።

«ቪጊል አይደለም» አሉ ድንገት።

«ለቀነዋል። አንተ ግን በምን አወቅህ?»

«የሚጮህ ሰው ጩኸቱ ውስጥ ያልቅለታል።»

ልጁ የወደቀበት መታጠፊያ ደረሱ። ቡርጊ፣ ሰውየው ሊያስደነግጥ ብቻ ፈልጎ ከሆነ ይሄን ገደል ለምን እንደመረጠ ጠየቀቻቸው። እስከዚያች ድረስ ሲያወሩ የነበሩት ሰው ወደ ማዶው ተራራ እያዩ ዝም አሉ። ከዚያ ነፋሱ ዝናብ ሊያመጣ ነው ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በሦስተኛው ቀን የምርመራ ክፍሉ ሰዎች አዲስ ነገር አመጡ። ከሽቦው ወዲህ ፍሬን የተያዘበት ሌላ ጎማ ረጅም ምልክት ትቷል። ከካሲያን ኋላ ሌላ ብስክሌት ነበር፤ በጊዜ ቆሟል።

በካሲያን ስልክ ላይ መጨረሻ የተደወለለት ፋቢያን ታለር ነው። አብሮ አደጉ ነው። የሚኖረው ወንዙ ዳር ባለ ፎቅ ላይ ነው። ያን ቀን አተኩሶኝ ተኝቼ ነበር ብሎ ነበር መጀመሪያ ሲጠየቅ። ቡርጊና ሉዊስ ቤቱ ሲሄዱ ብስክሌቱ ተወልውሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እንደ አዲስ ያበራል። የፋቢያን መዳፎች ግን ድንጋይ የቧጨራቸው ነበሩ። ጎረቤቶቹም ሁለቱ ልጆች በዚያው ሳምንት በደረጃው ላይ ሲጨቃጨቁ ሰምተዋል፤ ካሲያን «አንተ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ» ይል ነበር አሉ።

ሉዊስ በቡርጊ ጆሮ፣ ፋቢያን ጓደኛውን ወጥመድ ውስጥ እንደነዳው ሹክ አላት። ቡርጊ ወንበር ስባ ከፋቢያን ፊት ተቀመጠች።

«እጅህን ምን አገኘው?»

ፋቢያን መዳፎቹን ገለበጣቸው፣ ከዚያም ጭኖቹ መሃል ደበቃቸው። ብዙ አልጠበቀችም።

«ወርጄ ነበር» አለ። «ወደ እሱ። ድንጋዩን ይዤ ወረድኩ። ስሙን ጠራሁት፤ አልመለሰልኝም። ከዚያ... ሸሸሁ። እንደገና።»

«እንደገና ማለት?»

ከዚያ በኋላ የተናገረው አፉን ከፍቶ እንደማስታወክ ነበር። ባለፈው በጋ እሱና ካሲያን በቄሱ መንገድ እየወረዱ ነበር። ፋቢያን ቀድሞ ነበር። እዚያው መታጠፊያ ላይ ከአንዲት አሮጊት ጋር ተላተመ። ሴትየዋ በጎናቸው ወደቁ፤ ሲጮኹ ሰማ። ዞሮም አላየም፤ ብስክሌቱን አንስቶ ቁልቁል ነዳ። ካሲያን ግን ቆመ። ጃኬቱን አውልቆ ከራሳቸው ሥር አነጠፈላቸው፤ ነፍስ አድን ላይ እንደተማረው አንገታቸው እንዳይነቃነቅ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሄሊኮፕተሩ እስኪመጣ ድረስ እያጫወታቸው ቆየ። ስሙን ሲጠይቁት ሳይናገር ሄደ። ስሙን ቢናገር፣ አብሮህ የነበረው ማነው መባሉ አይቀርም።

«ለእኔ ብሎ ነው» አለ ፋቢያን። «ዓመት ሙሉ ሲለምነኝ ነበር። ሄደህ ይቅርታ በላቸው፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ስንወርድ እሺ አልኩት። እሁድ እንሄዳለን አልኩት። ደስ ብሎት ቀድሞኝ ነዳ።»

ቡርጊ፣ ሐኪሙ ልጁ ወዲያው እንደሞተ መናገሩን፣ ደውሎ ቢሆን እንኳ እንደማይተርፍ ነገረችው። ፋቢያን ራሱን ነቀነቀ። የሰማት አይመስልም ነበር።

ጣቢያ ሲመለሱ ሉዊስ ያለፈውን በጋ አደጋ መዝገብ ፈልጎ አወጣና የተጎጂዋን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። ፊሎሜና ናጊለር። ገጪው አልታወቀም። መዝገቡ ተዘግቷል።

አቶ ሮሜድ በመንገዱ ላይ ስላለ እያንዳንዱ ድንጋይ ነግረዋት ነበር። ሚስታቸው የወደቁበት መታጠፊያ ላይ ቆመው ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«መዝገቡን የዘጋው ማነው?» አለች ቡርጊ።

«እኛ ነን» አለ ሉዊስ። «ማን ይዘጋዋል?»

የናጊለሮች ቤት ከከተማው በላይ፣ ከመንገድ በድንጋይ ደረጃ የሚወጣበት አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ፊሎሜና ነበሩ፤ ባለ አራት እግር መደገፊያቸውን እየገፉ። አጭር፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። ሮሜድ ወተት ሊገዙ መውጣታቸውን ነግረው ቡርጊን አስገቧት። ሉዊስ ደጅ ቀረ። የፖም ኬክ ቆረሱላት፤ እኔ ራሴ ካልቆረስኩ ብለው ሞገቷት።

መደገፊያው ወለሉ ላይ ድምፅ አያሰማም ነበር። ቡርጊ ዝቅ ብላ አየች። አራቱም እግሮቹ፣ የእንጨቱን ወለል እንዳይጭሩ፣ አረንጓዴ የተዳመጠ ሱፍ ለብሰዋል። በመቀስ በጥንቃቄ ተቆርጧል።

ኬኩ አፏ ውስጥ አልሟሟ አላት።

«ፖሊስ ነኝ ስትዪኝ ደስ አለኝ» አሉ ወይዘሮ ፊሎሜና። «ልጁን አገኛችሁት እንዴ?»

«የትኛውን ልጅ?»

«ያን ራሴን የያዘልኝን። ያኔም ለፖሊሶቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ የገጨኝን አልፈልግም፣ የቆየውን ፈልጉልኝ ብዬ። እንዳልተኛ ስለ እናቱ የድንች ጥብስ ሲያወራልኝ ነበር፤ ሽንኩርቱን መቼ እንደምትጨምር ሳይቀር። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ድምፁ ግን አይንቀጠቀጥም። ጃኬቱ እኔ ዘንድ ነው። ባገኘው ምሳ ልጋብዘው ነበር።» ወደ በሩ አየት አሉና ድምፃቸውን ቀነሱ። «ሮሜድ ይሄን ሳወራ አይወድም። ይነሳና ይወጣል።»

አቶ ሮሜድ ወተቱን ይዘው ገቡ። መጀመሪያ ቡርጊን አዩ። ከዚያ ዓይኗ ያረፈበትን፣ የመደገፊያውን እግር አዩ። ወተቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጠርሙሱን ቀስ ብለው ወደ መሃል ገፉት።

«ሜና» አሉ፣ «ከኢንስፔክተሯ ጋር ሰገነቱ ላይ እንቀመጣለን። ነፋሱ ለአንቺ አይሆንም፤ እዚሁ ሁኚ።»

ሰገነቱ ላይ ሆነው ተራራው ሁሉ ይታያል። በጥዶቹ መሃል ቅጠላቸው የሚረግፈው ዛፎች ቢጫ መሆን ጀምረዋል። አቶ ሮሜድ አልተቀመጡም።

«ባርኔጣው የእርስዎ ነው?» አለች ቡርጊ።

«የኔ ነው። አንድ ባርኔጣ ለሁለቱም በቃ።» ከዚያም እንደ ጫካው መንገድ ላይ ወደ «አንቺ» ተመለሱ። «ልነግርሽ ነበር። ያን ቀን መታጠፊያው ላይ ስትጠይቂኝ አፌ ላይ ነበር። ከዚያ ማታ ሜናን አልጋ ላይ የሚያወጣት፣ ካልሲዋን የሚያወልቅላት ማነው ብዬ አሰብኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱም እንደዚሁ።»

ሽቦውን እግረኛው ሁሉ ከወረደ በኋላ ወጥተው ይወጥሩት እንደነበር፣ ጠዋት የመጀመሪያው ሰው ሳይመጣ ይፈቱት እንደነበር ተናገሩ። ብዙ ምሽት ማንም አልመጣም። ማንም እንዳይመጣ እየጸለዩ ነበር የሚወጥሩት፤ ጠዋት ባዶውን ሲያገኙት ደስ ይላቸዋል፤ ማታ ግን ሚስታቸው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሲታገሉ ሲያዩ እንደገና ይወጣሉ። በመጨረሻው ጠዋት ሴትየዋና ውሻዋ ቀደሟቸው።

«ገደሉስ?» አለች ቡርጊ።

«ሜና የወደቀችበት ቦታ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ዕድሜ ልኬን ሰዎችን ከዚያ ገደል ስጠብቅ ኖሬ፣ ያን ገደል አላየሁትም። አንዱ ይውደቅ፣ ጉልበቱ ይላጥ፣ መሬት ላይ ተኝቶ የሚረዳው ሰው ሲያጣ ምን እንደሚመስል ይወቀው አልኩ። ይሄው ነው የፈለግኩት።» የሰገነቱን እንጨት ያዙ። «አንድ ነገር ንገሪኝና እንሂድ። እሱ ነበር? የሜናን አጥንት ሰብሮ የሸሸው ይሄ ልጅ ነበር?»

ቡርጊ ይህን ጥያቄ ደረጃውን ስትወጣ ጀምሮ ስትፈራው ነበር። አላውቅም ማለት ትችላለች። ምርመራው አላለቀም ማለት ትችላለች። ግን ከእሷ ካልሰሙት ከማያውቁት ሰው አፍ፣ በሕዝብ ፊት ነው የሚሰሙት።

«አይደለም» አለች። «የሸሸው ጓደኛው ነው። ካሲያን የቆየው ነው። ራሷን የያዘላት።»

አቶ ሮሜድ የሰሙ አልመሰሉም። ተራራውን ማየት ቀጠሉ። ከዚያ እጃቸው የሸሚዛቸውን አንገት ፈልጎ ቁልፉን ከፈተ። ቡርጊ ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ፖሊስ ያን መዝገብ ባይዘጋ፣ ያን ልጅ ቢፈልግ፣ አንድ ጠያቂ ብስክሌት መጠገኛዎቹን ቢዞር ኖሮ ካሲያን ዛሬ እዚህ ቤት ድንች ጥብስ ይበላ ነበር ብላ አሰበች። ይህን ለሳቸው መንገር ምን ይጠቅማቸዋል?

«አትንገሪያት» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ አልነግራትም። አንተ ነህ የምትነግራት። አሁን፣ ከመሄዳችን በፊት።»

ገቡ። በሩ ተዘጋ። ቡርጊ ሰገነቱ ላይ ቀረች። ከውስጥ ጩኸት ትጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። የአቶ ሮሜድ ድምፅ ብቻ ዝቅ ብሎ፣ እየተቆራረጠ ተሰማ። ሉዊስ ከታች ከደጁ አንገቱን አቅንቶ አያት። እጇን አነሳችለት፤ ጠብቅ አለችው።

በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ፊሎሜና ናቸው። ፊታቸው በአንድ ጊዜ ያረጀ ነበር፤ ዓይናቸው ደርቋል።

«ዓመት ሙሉ ስለዚያ ልጅ ሳወራ ነበር» አሉ። «ማታ ማታ፣ ራት ላይ። እኔ የማወራው ስለቆየው ነበር። እሱ የሰማው ስለሸሸው ነው። ዝም ብል ኖሮ...»

«እርስዎ ምንም አላደረጉም» አለች ቡርጊ።

«እናቱ አለች?»

«አለች።»

«እሄዳለሁ። ዛሬ አይደለም፣ እናንተም አትውሰዱኝ። የምላትን ቃል ፈልጌ እሄዳለሁ። ባታስገባኝም ደጇ ላይ እቆማለሁ።»

አቶ ሮሜድ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ወተቱን ቀዝቃዛ ቦታ እንዳስቀመጡት፣ መድኃኒቷ መስኮቱ ላይ እንዳለ፣ እህቷ እስክትመጣ ጎረቤቷን እንድትጠራ ለሚስታቸው ነገሩ። ሲናገሩ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። ወይዘሮ ፊሎሜና እስከ መንገዱ እሸኝሃለሁ አሉ፤ ቡርጊ ይቅርብዎ ብትል እንቢ አሉ።

የድንጋይ ደረጃው ቁልቁል ነው፣ መደገፊያው አይሄድበትም። ሉዊስ ሊረዳ ሲመጣ ቡርጊ በዓይኗ አስቆመችው። አቶ ሮሜድ እንደ ወትሮው አንድ ደረጃ ቀድመው ወረዱ፣ ዞሩ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ከዘረጉት በኋላ ነው ያደረጉትን ያወቁት። እጃቸውን ግን አልሰበሰቡም።

ወይዘሮ ፊሎሜና ያን እጅ ለረጅም ጊዜ አዩት። ያለ እሱ መውረድ አይችሉም ነበር። ያዙት።